ከፎቶግራፍ በፊት ጥርስ ማስተካከል፦ ሀገር ቤት የገጠመኝ

ከእናቴና ከእህቶቼ ጋር በስቱዲዮ ፎቶግራፍ ለመነሳት ከተቀጣጠርንበት ዕለት አስቀድሜ ጫፋቸው የተሸረፈውን የፊት ጥርሶቼን በቦንዲንግ (የጥርስ ቀለም ያለው ነገር በጥርሱ ላይ በመለጠፍ) ለማስተካከል የሄድኩበት ክሊኒክ፣ ሥራውን አጓድሎ ሒሳቡን ግን ከተነጋገርነው እጅግ አስበልጦ ስላስከፈለኝ፣ ለተመሳሳይ ጉዳይ ወደ ሀገር ቤት የሚሄዱ ወገኖች አስቀድመው እንዲያውቁት በዝርዝር ለመጻፍ ወስኛለሁ።

ሕክምናው በምኖርበት ሀገርም አይጠፋም። ይሁን እንጂ የራሴን ጥርስ እንዲመስልልኝ እንጂ እንዲያብለጨልጭ እንደማልፈልግ በአፍ መፍቻ ቋንቋዬ አስረድቼ መታከም ለዓመታት የናፈቀኝ ነገር ነበር። ሐኪሟም ተናግሬ ሳልጨርስ ፍላጎቴን ተረድታለች፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ቦንዲንግ ኮምፖዚት የሚባለውን የጥርስ ቀለም ያለው ፕላስቲክ መሰል ሬዚን በጥርሱ ላይ በስሱ እየደረቡ በሰማያዊ ብርሃን የማጠንከር ሥራ ነው። የጥርሱ ገጽ በፎስፎሪክ አሲድ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ያህል እንዲሻክር ከተደረገና ከታጠበ በኋላ ማጣበቂያው ይቀባል፤ ብርሃኑ እስከ ውስጥ ዘልቆ እንዲያጠነክረውም አንዱ ድርብ በተለምዶ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ተሠርቷል። ጥፋቱ የተፈጸመው ቀለም ሲመረጥ ነው። አፍ ተከፍቶ ሲቆይ ጥርስ ይደርቃል፣ የደረቀ ጥርስ ደግሞ ከተፈጥሮ ቀለሙ ነጥቶ ይታያል፤ በዚህም ምክንያት የቀለም ናሙናው ከጥርስ ጋር መመሳከር ያለበት ሥራው ሳይጀመር፣ ጥርሱ እርጥብ እንዳለ፣ ቢቻል በቀን ብርሃን ነው። ረዳቱ ናሙናዎቹን ያመጣው ግን ከንፈሬ ሥር ጥጥ ተጠቅጥቆ፣ መብራቱ ፊቴ ላይ በርቶ ብዙ ከቆየሁ በኋላ ነበር። በማግስቱ መስኮት አጠገብ ቆሜ በመስታወት ስመለከት የራሴ ጥርስ ወደ ቀለሙ ተመልሶ፣ የተለጠፈው ጫፍ ግን ኖራ እንደተቀባ ነጥቶ ቀርቷል። ጠርዙም አልለሰለሰም ነበርና ምላሴን ይቧጥጠኝ ነበር።

ወዲያው ተመልሼ ሄድኩ። እንግዳ ተቀባይዋ ሐኪሟ ሥራ ላይ ስለሆነች እንድጠብቅ ነገረችኝ፤ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ከተቀመጥኩ በኋላ «ነገ ይምጡ» ተባልኩ፣ በማግስቱም እንዲሁ። የስቱዲዮው ቀጠሮ እየቀረበ፣ እህቶቼ ለዚያ ቀን ብለው ከሥራ ፈቃድ ወስደው ሳለ፣ ችግሬን የሚሰማ ሰው ማጣቴ ከሁሉ ይልቅ አሳዝኖኛል። በመጨረሻ ጠርዙ ሲለሰልስልኝ ቀለሙ እንዳለ ቀረ፤ ገንዘብ ተቀባዩም ማለስለሱን፣ የቀለም መረጣውንና ብርሃኑን ሳይቀር ለየብቻ ቆጥሮ አዲስ ሒሳብ አቀረበልኝ። ማለስለስ የቦንዲንግ የመጨረሻው ደረጃ እንጂ ተጨማሪ አገልግሎት አይደለም፤ ያልለሰለሰ ኮምፖዚት የቡናና የሻይ ቀለም ቶሎ ይይዛል። ይህን ብናገር የተሰጠኝ መልስ «እርስዎ እኮ ከውጭ ነው የመጡት፣ ይህማ ለእርስዎ ምን አላት!» የሚል ነበር። በምኖርበት ሀገር አፌን ከመክፈቴ በፊት ዝርዝር ሒሳቡ በጽሑፍ ይሰጠኛል፤ ናፍቄ በመጣሁበት ሀገር ግን እንደ ባዕድ መታየቴ ከገንዘቡ በላይ ቆረቆረኝ።

ያዳነኝ የአክስቴ ልጅ የወሰደኝ ሌላ ክሊኒክ ነው። አዛውንቱ ሐኪም ወደ መስኮቱ አስጠግተው ካዩኝ በኋላ፣ ማጣበቂያ ሳይቀቡ ቅንጣት ኮምፖዚት በእርጥቡ ጥርሴ ላይ አስቀምጠው በብርሃን አጠነከሩትና ቀለሙን ከጥርሴ ጋር አስተያዩ፤ አልስማማ ሲላቸው በቀላሉ አንስተው ሌላ ሞከሩ። አንዳንድ ኮምፖዚት በፍላሽ ብርሃን ከጥርሱ ተለይቶ ስለሚታይ በስልክ ፎቶግራፍ አንስተውም አረጋገጡ። ነጩን ሞርደው አዲሱን ከሠሩ በኋላ ከሻካራ ወደ ለስላሳ በሚሄዱ ትንንሽ ዲስኮች አለሰለሱት፣ ባለ ቀለም ወረቀት አስነክሰውም ንክሻዬን አስተካከሉ። የተቀበሉኝም መጀመሪያ የነገሩኝን ሒሳብ ብቻ ነው። በፎቶግራፉ ላይ የትኛው ጫፍ እንደተሠራ እናቴ እንኳ መለየት አልቻለችም።

ጥርሳቸውን ማስነጣትም የሚፈልጉ ሰዎች ማስነጣቱን ማስቀደም አለባቸው፤ ኮምፖዚት በማንጫ አይነጣምና። ከማስነጣቱ በኋላም ቀለሙ እስኪረጋና ማጣበቂያው በደንብ እንዲይዝ 2 ሳምንት ያህል መጠበቅ ስለሚያስፈልግ፣ ዕረፍቱ አጭር የሆነ ሰው ማስነጣቱን ከመጓዙ በፊት ቢጨርስ ይሻላል። ሒሳቡን ደግሞ ማለስለስንና የቀለም እርማትን እንደሚያጠቃልል በጽሑፍ ሳይቀበሉ ወንበሩ ላይ አይቀመጡ። እኔም ደረሰኞቹን አያይዤ ለመጀመሪያው ክሊኒክ ኃላፊ አቤቱታ ልኬያለሁ፤ ይህን እስከምጽፍ ድረስ መልስ አላገኘሁም።