አምስት ዞን፣ አምስት ኮንትሮለር፦ ኦምሮን ኢ5ሲሲ በቧንቧ ማሽን ላይ

አቃቂ ቃሊቲ፣ የፕላስቲክ ቧንቧ ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። የማሽናችን በርሜል አምስት የማሞቂያ ዞን አለው። ድሮ አምስቱንም የሚቆጣጠረው አንድ ባለብዙ ሉፕ ኮንትሮለር፣ ማለትም የብዙ ዞኖችን ሙቀት በአንድ ዕቃ የሚቆጣጠር መሣሪያ ነበር። አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመለስ የኮንትሮለሩ ፓወር ሰፕላይ ተቃጠለ። ሂተሮቹ ደህና ናቸው፣ ሙቀቱን የሚለኩት ቴርሞኮፕሎችም ደህና ናቸው፤ መስመሩ ግን ቆመ፣ ፕላስቲኩም በርሜሉ ውስጥ እንዳለ ደረቀ። የፓወር ሰፕላዩ ካርድ አገር ውስጥ ስላልተገኘ ሳምንታት ጠበቅን። ያኔ ነው ለእያንዳንዱ ዞን የራሱ ባለአንድ ሉፕ ይኑረው ብዬ አለቆቼን የለመንኩት።

የመረጥኩት ኦምሮን ኢ5ሲሲን ነው። ፊቱ 48 በ48 ሚሊሜትር ሲሆን ከ100 እስከ 240 ቮልት ይሠራል። ቴርሞኮፕልም ፒቲ100ም (ሌላው የሙቀት መለኪያ ዓይነት) ይቀበላል፤ ዓይነቱን በቁጥር መምረጥ ብቻ ነው (የእኛ ኬ ዓይነት 5 ቁጥር ነው)። ነጩን ቁጥር የሺፍት ኦፕሬተሮቻችን ከማሽኑ ማዶ ሆነው ያነቡታል። የሜኑው ምህጻረ ቃላት ግን ለጀማሪ ይከብዳሉ፤ እኔ ትርጉማቸውን በአማርኛ ጽፌ ፓኔሉ በር ላይ ለጥፌላቸዋለሁ።

ስትገዙ ጎኑ ላይ ያለውን ኮድ ሳታነቡ እንዳትከፍሉ። አርኤክስ የሚለው ውጤቱ (አውትፑቱ) ሪሌ ነው፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ማብሪያ ማጥፊያ፤ ኪውኤክስ የሚለው ደግሞ ለሶሊድ ስቴት ሪሌ (የሚንቀሳቀስ ክፍል ለሌለው ኤሌክትሮኒክ ሪሌ) 12 ቮልት ይሰጣል። ሪሌው በፋብሪካ ቅንብሩ በየ20 ሰከንዱ ይበራል፣ ይጠፋል፤ በቀን 4,320 ጊዜ ማለት ነው። የሪሌው የኤሌክትሪክ ዕድሜ 100,000 ጊዜ ስለሆነ፣ ቀን ከሌት ለሚሠራ ማሽን ከወር አያልፍም። ስለዚህ አምስቱንም ኪውኤክስ አደረግኩ። ሶሊድ ስቴት ሪሌ ግን ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ሳያቋርጥ እያስተላለፈ ይቀራል፤ ሂተሩ መንደዱን አያቆምም። በኮንትሮለሩ የአላርም ውጤት ዋናውን ኮንታክተር (የሂተሮቹን ኃይል የሚያቋርጠውን ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ) የሚያስጥል መስመር ሳትዘረጉ ማሽኑን አታስነሱ።

ሌላው ነገር ቅንብሩ ነው። ከካርቶኑ ሲወጣ የተቀመጠው አብራ-አጥፋ ላይ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ፒአይዲ (ኃይሉን እያመጣጠነ ሙቀቱን ወደሚያረጋጋው ስልት) መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ ራሱን አያስተካክልም። እኔ በ190 ዲግሪ ላይ መጀመሪያ ዞን ሁለትን ብቻ አስተካክዬ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ዞኖች ሲሞቁ ያገኘሁት ቅንብር ተበላሸ። ማታ ላይ የሺፍት ኃላፊው «ጋሼ፣ ዞን ሁለት ዛሬም እየጨፈረ ነው» ብሎ ደወለልኝ። በማግስቱ አምስቱንም ወደ ሥራ ሙቀታቸው አድርሼ ማስተካከያውን አንድ ላይ አስጀመርኩ። ቀድሞ ስድስት ዲግሪ ይወዛወዝ የነበረው ዞን አሁን ከአንድ ዲግሪ አያልፍም። የቧንቧው ግድግዳ ውፍረትም ልክ ሆኖ ይወጣል፤ ከተጠቀለለው ጥቅል ጫፍ እየቆረጥን ስንለካ ይታያል።

ባለብዙ ሉፕን አልጠላም። አንዱ ሉፕ ለሌላው ትእዛዝ በሚሰጥበት ቦታ፣ ለምሳሌ የጃኬቱ ሙቀት በታንኩ ሙቀት በሚመራበት ቦታ፣ ሁለቱ አንድ ዕቃ ውስጥ ቢሆኑ ሽቦውም ይቀንሳል፣ ሥራውም ይቀናል። የእኛ በርሜል ግን ያን አይፈልግም። የሚፈልገው አንዱ ሲሞት አራቱ እንዲተርፉ ነው።

ባለፈው ክረምት የዞን አራቱ ኮንትሮለር ጠፋ። የሌሊቱ ልጅ መሳቢያ ውስጥ የነበረውን መጠባበቂያ አወጣ፣ ሽቦዎቹን በካቻቢቴ ፈትቶ አሰረ፣ ከበሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አስገባ። እኔ የሰማሁት ጠዋት ስገባ ነው።