ዝም ማለትን ያስተማረችኝ የንግግር ባለሙያ

ልጄ ሁለት ዓመት ሞልቶት አፉን አልፈታም ነበር። የነበሩት ቃላት አራት ናቸው፦ «እማ»፣ «እምቢ»፣ «ባ» (ኳስ ማለቱ ነው) እና አንድ እስካሁን ትርጉሙ ያልተገኘለት። ሌላ ነገር ሲፈልግ እጄን ይዞ እየጎተተ ያሳየኛል። በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጆች 50 ያህል ቃል ይዘው ሁለት ሁለቱን ማገጣጠም እንደሚጀምሩ አውቃለሁ። ግን ያማከርኩት ሰው ሁሉ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፣ አባቱም እንዲሁ ነበር» ይለኛል። መስማት የፈለግኩት እሱን ስለነበር ለወራት አመንኩት።

በመጨረሻ አንዲት የንግግር ቴራፒስት ጋ ሄድን። ይህ ምስጋና ለእሷ ነው።

ገና ከመቀመጣችን «ጆሮው ታይቷል?» አለችኝ። አልታየም። ስጠራው ዞር ይላላ! እሷ ግን መጀመሪያ የመስማት ምርመራ አስደርጊና ተመለሺ አለችኝ። ከጆሮው ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ ስትጠሪው ሊዞር ይችላል፤ ቃላቱ ግን ይድበሰበሱበታል። የልጄ ጆሮ ደህና ሆኖ ተገኘ። ያን ቀን ሥራ መጀመር እየቻለች መልሳ መላኳን ግን አልረሳውም።

ስንመለስ ልጁን ይዛ በሯን ትዘጋለች ብዬ ነበር። እኔንም ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችኝና «እንደ ቤታችሁ ተጫወቱ» ብላ ጥግ ያዘች። እኔም ጎበዝ እናት ለመምሰል ቀጠልኩ። «ይሄ ምንድን ነው? ቀለሙስ? ላም ምን ትላለች? በል እስቲ ኳስ በል!» አስር ደቂቃ ሳይሞላ አስቆመችኝ። ጥያቄዎቼን ስትቆጥር ነበር ለካ። አርባ ምናምን። እሱ የመለሰው ዜሮ። ምስኪን፣ እኔ ጨዋታ ስል እሱ ፈተና ላይ ነው።

ከዚያ እሷ ቦታዬን ያዘች። የሳሙና አረፋ ነፋችና «አረፋ!» አለች። ደግማ ነፋች፣ «አረፋ!»። በሦስተኛው መንፊያውን ከንፈሯ አጠገብ አድርሳ ቆመች። ፊቷን ከፊቱ እኩል ዝቅ አድርጋ፣ ቅንድቧን ሰቅላ ዝም። ላግዘው አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ፤ በጣቶቿ እየቆጠረች ነው። ሰባት ላይ ልጄ «ፋ» አለ። አላረመችውም፣ ድገም አላለችውም። «አረፋ! ትልቅ አረፋ!» ብላ ነፋችለት። እኔ ፊቴን አዙሬ እንባዬን ጠረግሁ።

የቤት ሥራዋ በሳምንት አንድ ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው አንድ ነገር ብዬው አስር እስክቆጥር መጠበቅ ነበር። ቀላል ይመስላል፤ እንደኔ ወሬኛ ለሆነ ሰው ግን ምላስ ያስነክሳል። ቀጥሎ ሁለት ነገር ይዞ «ኳስ ወይስ መኪና?» እያሉ ማስመረጥ መጣ። በጣቱ ቢጠቁምም ይሰጠዋል። «ካልተናገርክ አታገኘውም» የሚባል ነገር የለም፤ እሱ ላይ ቆጣ ብላ ነው የነገረችኝ። ከዚያ የተናገረው ላይ አንድ ቃል መጨመር፦ እሱ «መኪና» ካለ እኔ «መኪና ሄደ»። ይህ ሁሉ ልብስ ሳለብሰውና ገላውን ሳጥበው የሚሠራ ነው። ማንም ሳያየው ከጀርባ የሚጮኸው ቴሌቪዥንም ተዘጋ።

ቤታችን ሁለት ቋንቋ ስለሚነገር «አንዱን ተዉለት፣ ግራ አጋባችሁት» ያሉንም ነበሩ። ሁለት ቋንቋ ልጅን እንደማያዘገይ፣ ሁላችንም በሚቀለን ቋንቋ እንድናወራው ነገረችን። እፎይ አልን።

መቼ ይናገራል ብዬ ስንቴ ጨቀጨቅኳት። ቀን ቆርጣ ነግራኝ አታውቅም። ከእሷ በፊት በሁለት ወር ያወራል ብሎ ቃል የገባልን ሰው ስለነበር ይሄ መጀመሪያ ላይ አበሳጭቶኝ ነበር፤ አሁን ይበልጥ የማከብራት ለዚህ ነው።

ስሟን እዚህ አልጻፍኩም፤ እንዲህ መጠራት አትወድም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ለሚርቃችሁ ደግሞ፣ ስለ ጆሮ የምትጠይቅና እናንተንም ምንጣፍ ላይ የምታስቀምጥ ባለሙያ ካገኛችሁ ያዟት።

ልጄ አሁን ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። «ረ» ገና «ለ» ነው፤ ለዕድሜው ምንም አይደል ብላኛለች። ባለፈው በስልክ እያወራኋት ቀሚሴን ጎተተና «እማ ዝም በይ፣ እኔ ላውላ» አለኝ። ስልኩን ሰጠሁት። ከወዲያ በኩል ሳቋ ይሰማኛል።