ጊቬዝ፦ ብዙ ትንንሽ ደጋፊ ላለው አርቲስት

ጊቬዝ በክሪፕቶ (በዲጂታል ገንዘብ) ልገሳ የሚሰበሰብበት የኢንተርኔት መድረክ ነው፤ ከልገሳ ላይ ኮሚሽን አይቆርጥም። ደጋፊው የላከው ክሪፕቶ መሃል ላይ የትም ሳያድር ቀጥታ አርቲስቱ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ውስጥ ይገባል፤ ወጪው ክሪፕቶው የሚተላለፍበት ኔትወርክ የሚያስከፍለው የማስተላለፊያ ክፍያ (ጋዝ) ብቻ ነው። በግሉ ለሚሠራ ሠዓሊ ወይም ሙዚቀኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን መድረኩ በየጊዜው የሚከፍተው የኳድራቲክ ፈንዲንግ ዙር ነው፤ በዙሩ ከልገሳው በተጨማሪ ከአንድ የጋራ ማሟያ ፈንድ ገንዘብ ይከፋፈላል፣ ድርሻው የሚሰላውም የለጋሾችን ብዛት በሚያስቀድም ስሌት ነው።

ስሌቱ ቪታሊክ ቡተሪን፣ ዞዪ ሂትዚግና ግሌን ዌይል እ.ኤ.አ. በ2018 ካወጡት ጽሑፍ የመጣ ነው። የእያንዳንዱ ለጋሽ ገንዘብ ስኩዌር ሩት ይደመራል፤ ድምሩ በራሱ ይባዛል፤ ከዚያ የተለገሰው ይቀነሳል። 9 ሰዎች እያንዳንዳቸው 4 ዶላር ቢሰጡ 18 ሲባዛ በ18፣ 324 ይሆናል፤ 36ቱ ሲነሳለት 288 ይቀራል። ያንኑ 36 ዶላር አንድ ሰው ብቻውን ቢሰጥ ግን ቀሪው ዜሮ ነው። 288 ዶላር ይከፈላል ማለት አይደለም፤ የማሟያ ፈንዱ የተወሰነ ስለሆነ ለፕሮጀክቶቹ የሚከፋፈለው በዚህ ቁጥር መጠን ነው። ስለዚህ አንድ ሀብታም ወዳጅ ከመለመን አርባ አድናቂ አንዳንድ ዶላር እንዲሰጥ ማስተባበር በእጅጉ ያዋጣል።

ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚሁ ላይ ነው። አንድ ሰው በአሥር ዋሌት እንዳይሰጥ ለጋሹ እውነተኛ ሰው መሆኑን እንዲያረጋግጥ ይጠየቃል። ካላረጋገጠ ልገሳው ለአርቲስቱ ይደርሳል፣ ለማሟያው ግን አይቆጠርም። አድናቂዎች ይህን አያውቁም። ዙሩ ከመከፈቱ በፊት አጭር መመሪያ ከነፎቶው አዘጋጅቶ መላክ ግድ ነው። ደግሞ «ለለገሰ ሁሉ አንድ ሥዕል እሰጣለሁ» ብሎ ማስታወቅ ከዙሩ ሊያስወጣ ይችላል፤ በስጦታ የተገዛ ድጋፍ ተደርጎ ይቆጠራልና።

ዋሌት ሲመዘገብ የኔትወርኩ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በኢቴሪየም ዋና ኔትወርክ የጋዝ ክፍያው ከአንድ ዶላር ልገሳ ሊበልጥ ይችላል፤ ለትንንሽ ልገሳ ጋዛቸው ርካሽ የሆነው ኖሲስ ወይም ኦፕቲሚዝም የተባሉት ኔትወርኮች ይሻላሉ። የክሪፕቶ መገበያያ (ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ድርጅት) አድራሻ በተቀባይነት አታስገቡ፤ መገበያያው ያንን ኔትወርክ ካልደገፈ ገንዘቡ ይጠፋል ወይም ለማስመለስ ብዙ ያንገላታል። ቡድን ሆናችሁ ባለብዙ ፊርማ ዋሌት (ገንዘብ ለማውጣት ከአንድ በላይ ሰው የሚፈርምበት) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ በአንዱ ኔትወርክ የተከፈተው በሌላው ላይ አለ ብላችሁ አትገምቱ፤ በእያንዳንዱ ላይ መከፈቱን አይታችሁ ብቻ አድራሻውን መዝግቡ።

በቶክን (ከኔትወርኩ ዋና ሳንቲም ውጪ ባለ ክሪፕቶ) የሚለግስ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይፈርማል፤ መጀመሪያ ቶክኑ ከዋሌቱ እንዲወሰድ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ልገሳው። ብዙዎች ከመጀመሪያው ፊርማ በኋላ ያለቀ መስሏቸው ገጹን ይዘጉታል፤ መመሪያችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት። የፈቃዱ መጠን ገደብ የለሽ ከሆነም ወደ ልገሳው ልክ ዝቅ እንዲያደርጉት ንገሯቸው።

ለጀማሪ የምንመክረው ኖሲስ ላይ የኔትወርኩን ዋና ሳንቲም ኤክስዳይን መቀበል ነው። ዋጋው ከዶላር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ገበያው ሲወርድ የቀለም መግዣው አብሮ አይወርድም፤ የጋዝ ክፍያውም በዚያው በኤክስዳይ ነው የሚከፈለው። ዩኤስዲሲ (ከዶላር ጋር የተያያዘ ሌላ ቶክን) ብቻ የተቀበለ አርቲስት ግን ለጋዝ የሚሆን የኔትወርኩ ሳንቲም ከሌለው ገንዘቡን እያየ ማንቀሳቀስ ያቅተዋል።