26 ሺህ ዲፒአይ ብዬ ገዛሁት፣ በ800 እየተጫወትኩበት ነው

ማውሱን የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ሰኔ ገብቷል። ስምንት ወር ሞላው ማለት ነው። ማውራት የምፈልገው ግን ስለ ስምንቱም ወር አይደለም። ስለ መጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ጊዜ ሰላም ነው። ማውሱ ይሠራል፣ ክሊኩ አልላላም፣ ገመዱም አልተበጠሰም።

የገዛሁት መገናኛ አካባቢ ካሉት ሱቆች ከአንዱ ነው። ሻጩ ልጅ ካርቶኑን አዙሮ አንድ ቁጥር አሳየኝ። 26,000 ዲፒአይ። «ወንድሜ፣ የድሮው ማውስህ ስንት ነው? አንድ ሺህ? ይሄ ሃያ ስድስት እጥፍ ነው» አለኝ። አመንኩት። ስልክ ስንገዛ ሜጋፒክስል፣ ኮምፒውተር ስንገዛ ጊጋ እየቆጠርን ነው ያደግነው። ቁጥሩ ከበለጠ ዕቃው ይበልጣል ብዬ አሰብኩ። ዋጋው ከዚያ በፊት ለማውስ ካወጣሁት ሁሉ ተደምሮ ይበልጣል። ሁለት ወር አጠራቅሜ ነው የከፈልኩት።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። ካውንተር ስትራይክ 2 የሚባለውን የተኩስ ጨዋታ ከፈትኩ። እጄን ትንሽ ነካ ሳደርግ ጠላቴን ትቼ ግድግዳ አያለሁ። መለስ ስል ደግሞ ጣሪያ ላይ ነኝ። በዚያ ማታ አንድ ሰው አልገደልኩም ብል ማጋነን አይሆንም። ጓደኞቼ በማይኩ «ምን ሆነሃል ዛሬ?» እያሉ ነበር።

ምን እንደሆነ አሁን አውቃለሁ። ዲፒአይ ማለት ማውሱ አንድ ኢንች ሲንቀሳቀስ ለኮምፒውተሩ ስንት ጊዜ «ተንቀሳቀስኩ» ብሎ ይናገራል ማለት ነው። የድሮው ማውሴ አንድ ሺህ ጊዜ ይናገር ነበር። አዲሱ ከካርቶኑ ሲወጣ 3,200 ላይ ተስተካክሎ ነው የመጣው። የጨዋታው ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ጨዋታው ራሱ የማውሱን እንቅስቃሴ የሚያባዛበት ቁጥር፣ ደግሞ ድሮ ባስቀመጥኩት በ2 ላይ ነው ያለው። በድሮው ማውስ ጨዋታው ውስጥ ሙሉ ዙር ለመዞር እጄን 21 ሴንቲ ሜትር ያህል እወስድ ነበር። በአዲሱ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይበቃል። የእጅ መዳፍ ስፋት እንኳን አይሞላም! በዚህ ፍጥነት ጭንቅላት ላይ አነጣጥራለሁ ማለት ዘበት ነው።

በማግስቱ የማውሱን ሶፍትዌር አውርጄ ቁጥሩን ዝቅ አደረግኩ። ተሻለ። ሁለት ቀን ደህና ተጫወትኩ። ሦስተኛው ቀን ላይ እንደገና አበደ። እንደገና አስተካከልኩ። ሦስት ቀን ደህና ሆነ፣ ከዚያ እንደገና ተመለሰበት። አንድ ቀን ልክ ነው፣ አንድ ቀን እንደ ፌንጣ ይዘላል። ዕቃው ችግር አለበት ብዬ ደመደምኩ። እንቅስቃሴውን የሚያነበው ሴንሰር ተበላሽቷል አልኩ። ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ልሸጠው ዋጋ ሁሉ ጻፍኩ። በሻጩ ልጅ ላይ የተናደድኩትን ንዴት አልረሳውም። ሱቁ ሄጄ የምለውን ሁሉ መንገድ ላይ እየለማመድኩ እሄድ ነበር።

ምስጢሩን የነገረኝ መብራት ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ መሃል መብራት ጠፋ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መጣ። ኮምፒውተሩን አበራሁ፣ ጨዋታው ውስጥ ገባሁ፣ ማውሱ አብዷል። ያኔ ነው የነቃሁት። ያበደባቸው ቀኖች በሙሉ መብራት ጠፍቶ የመጣባቸው ቀኖች ናቸው! የማስቀምጠው ቁጥር ማውሱ ውስጥ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነበር የያዘው። ሶፍትዌሩ ሳይከፈት ማውሱ ወደ ፋብሪካው 3,200 ይመለሳል። በሌሎቹ ቀናት ኮምፒውተሩን ስለማላጠፋው ሶፍትዌሩ እንደተከፈተ ይቆይ ነበር።

መፍትሔው አንድ ክሊክ ነው። ማውሱ የራሱ ሜሞሪ አለው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ጥግ ላይ፣ በትንሽ ፊደል፣ ፕሮፋይሉን፣ ማለትም ያስተካከልከውን ሁሉ፣ ማውሱ ላይ አስቀምጥ የምትል አማራጭ አለች። እሷን ነካሁ። ከዚያ ወዲህ መብራት ስንቴ እንደጠፋ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ማውሱ ግን አንድ ቀን አልተለወጠም። ጓደኛዬ ቤት ይዤው ስሄድም ያው ነው። ሶፍትዌሩን ከነጭራሹ ከኮምፒውተሬ አጥፍቼዋለሁ።

ይህቺን ነገር ካርቶኑ ላይ ማንም በትልቁ አልጻፋትም። 26,000ውን ግን በወርቅ ቀለም ጽፈውታል።

እሺ፣ ማውሱ ረጋ። እኔ ግን አሁንም አልረጋሁም። ቀን ቀን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ዲዛይን እሠራለሁ። ማታ ካውንተር እጫወታለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዶታ 2፣ በከርሰር እየጠቆምክ ጀግናህን የምታዝበትን ጨዋታ። ካውንተር ላይ እጄ መላመድ ጀምሯል። ዲዛይን ላይ እና ዶታ ላይ ግን ከርሰሩ ከምፈልገው ቦታ አልፎ ይሄዳል፣ ወይም ሳይደርስ ይቀራል። ያው እጅ፣ ያው ማውስ፣ ያው ጠረጴዛ።

ይህን ደግሞ ያመጣው ዊንዶውስ ነው። የማውስ ሴቲንግ ውስጥ «ኢንሃንስ ፖይንተር ፕሪሲዥን» የምትል ነገር አለች። ስሟን ለሰማ ማነጣጠርን የምታሻሽል ትመስላለች። ዊንዶውስ ሲጫን ጀምሮ በርታ ነው የምትመጣው። ሥራዋ እንዲህ ነው፦ እጅህ ቀስ ካለ ከርሰሩን ባጭሩ ታራምደዋለች። እጅህ ከፈጠነ ያንኑ ርቀት ሄደህም ከርሰሩን አርቃ ትወረውረዋለች። ስለዚህ አምስት ሴንቲ ሜትር ቀስ ብሎ መሄድና አምስት ሴንቲ ሜትር ፈጥኖ መሄድ አንድ ቦታ አያደርሱም። ካውንተር ስትራይክ 2 የማውሱን እንቅስቃሴ በቀጥታ ስለሚያነብ ይህቺ ሴቲንግ እዚያ አትደርስም። ዶታ ላይ ግን የምታንቀሳቅሰው የዊንዶውስን ከርሰር ነው። ዲዛይኑም እንደዚያው። ስለዚህ እጄ ማታ አንድ ነገር ይማራል፣ ጠዋት ሌላ ነገር ይነገረዋል።

ክራር የሚማር ሰው አስቡ። ክሮቹ ጠዋት በአንድ ቅኝት፣ ማታ በሌላ ቅኝት ቢሆኑበት ጣቱ ምን ይማራል? እጅ የሚማረው ርቀትን ነው። ይህን ያህል ስሄድ እዚህ እደርሳለሁ ብሎ ያስታውሳል። ያ ርቀት በየሰዓቱ ከተቀያየረ ስምንት ወር ቀርቶ ስምንት ዓመት ብትጫወት ያው ነህ።

አጠፋኋት። የዊንዶውሱን የፍጥነት መስመርም መሃል ላይ መለስኩት። መሃል ላይ ሲሆንና ያቺ ነገር ስትጠፋ ማውሱ አንድ ሲቆጥር ከርሰሩ አንድ ፒክስል ይሄዳል። መሃል ማንም አይጨምርም፣ አይቀንስም። ከዚያ ዲፒአዩን 800፣ የካውንተሩን ሴንሲቲቪቲ 1.2 አደረግኩ። ሙሉ ዙር 43 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ከመጀመሪያው ቀን ጋር ስታስተያዩት ሰባት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፣ አልዋሽም። ከባድ ድንጋይ የምገፋ ነው የመሰለኝ። ድሮ የማነጣጥረው በእጅ አንጓዬ ብቻ ነበር። አሁን ከክርኔ ጀምሮ ክንዴ መንቀሳቀስ አለበት። ክንዴ ደከመ። ሁለቴ ወደ ድሮው ልመለስ ብዬ እጄን ከኪቦርዱ መለስኩ። ጓደኛዬ «ለሁለት ሳምንት አንድም ቁጥር እንዳትነካ» ብሎ አስማለኝ። ማልኩ፤ አልነካሁም።

በአሥራ አንደኛው ቀን አካባቢ ነው። ሚራጅ ማፕ ላይ ነበርን። ብቻዬን ቀርቻለሁ፣ እነሱ ሁለት ናቸው። አንዱ ከግራ ወጣ፣ መታሁት። ሁለተኛው ከኋላዬ ተኮሰ። ዞርኩ። እዚያው ጭንቅላቱ ላይ ቆምኩ። አላሰብኩም፤ እጄ ራሱ ያውቀው ነበር። ማይኩ ላይ ያለው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የዚያን ቀን ነው ቴሌግራም ላይ ልለጥፈው የጻፍኩትን የሽያጭ ጽሑፍ ያጠፋሁት።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ። ወንድሜ፣ 26 ሺው ምን ያደርግልኛል? የእኔ ስክሪን ወደ ጎን 1,920 ፒክስል ነው። በ26 ሺህ ዲፒአይ ማውሱ 2 ሚሊ ሜትር ሳይሞላ ከርሰሩ ስክሪኑን ከዳር እዳር ይጨርሰዋል። ሁለት ሚሊ! ሳል ቢይዘኝ ከርሰሩ ይጠፋብኛል። በ800 ይህንኑ መንገድ 6 ሴንቲ ሜትር ይፈጃል። 6 ሴንቲ ላይ እጄ ማሰብ ይችላል፣ መቆም ይችላል። ለኔ መንገር የነበረብህ ስለ ሜሞሪው ነበር። 63 ግራም ብቻ እንደሚመዝን ነበር። ሴንሲቲቪቲ ዝቅ ሲል ማውሱን በየደቂቃው አንስተህ መልሰህ ታስቀምጣለህ፤ ያኔ የግራም ልዩነት ክንድ ላይ ይታወቃል። ቅርጹ ለእጄ ይሆን እንደሆነ ከካርቶኑ አውጥተህ ልታስይዘኝ ይገባህ ነበር። እነዚህን ብትነግረኝ ያንኑ ዋጋ በደስታ እከፍልህ ነበር።

እና ደግሞ 8,000 ሄርዝ ያለው ይሻልሃል ለሚሉት። የተለመደው ርካሽ ማውስ በሰከንድ 125 ጊዜ፣ በየ8 ሚሊሰከንዱ፣ ለኮምፒውተሩ ሪፖርት ያደርጋል። የእኔ 1,000 ጊዜ፣ በየ1 ሚሊሰከንዱ። ይህን ልዩነት እጄ ላይ አይቼዋለሁ፤ ከርሰሩ ይለሰልሳል። ከዚያ በላይ ያለው ግን የሚቆጥብልኝ አንድ ሚሊሰከንድ እንኳን አይሞላም። ማታ ማታ ፒንጌ፣ ማለትም መልእክቴ በኢንተርኔት እስከ ጨዋታው ሰርቨር ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ ከ100 ሚሊሰከንድ ያልፋል። የኔ ቁስል እዚያ ነው ያለው።

ስለ ጠረጴዛው አንድ ነገር ልበል። ኮምፒውተሬ ሳሎን ጥግ ላይ ነው። ጠረጴዛው መስታወት ነው፣ እማዬ ደግሞ ዳንቴል አልብሳዋለች። እነዚህ ሴንሰሮች የሚሠሩት ከሥራቸው ያለውን ገጽ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ ፎቶ እያነሱ አንዱን ምስል ከሌላው በማስተያየት ነው። ንጹሕ መስታወት ላይ የሚያዩት ነገር የለም። ዳንቴሉ ላይ ደግሞ ቀዳዳ ነው፣ ክር ነው፣ እንደገና ቀዳዳ ነው። 45 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጨርቅ ፓድ ገዛሁ። ግማሽ ዙር ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም፣ ስለዚህ ልክ ይበቃኛል። ኪቦርዱን ሰያፍ አድርጌ ቦታ አተረፍኩ። ዳንቴሉ በሌላኛው በኩል አለ፤ እማዬም አልተቀየመችም።

የማይጥመኝ ነገር አለ? አለ። ከስክሮሉ ጀርባ ያለችው የዲፒአይ መቀያየሪያ ቁልፍ ቦታዋ ልክ አይደለም። ጨዋታው ሲሞቅ ጣትህ ያርፍባታል። ሁለት ጊዜ ጨዋታ መሃል ነክቻት ከ800 ወደ 1,600 ዘለልኩ፤ ሁለቱንም ዙር ተሸነፍኩ። እውነት ለመናገር በዚህ በጣም ነው የተናደድኩት። ለተኳሽ ጨዋታ ማውስ የሚሠራ ሰው ይህችን ቁልፍ ከሆዱ በታች ቢያደርጋት ምን ይጎዳዋል? ማውሱ ላይ ያለው ባለቀለም መብራትም በየአቅጣጫው ይቀያየራል፤ እሱን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አጥፍቼዋለሁ።

እንደገና ብገዛ ይህንኑ እገዛለሁ ወይ? ዛሬ ብትጠይቁኝ፣ አዎ፣ ይህንኑ። ኅዳር ላይ ብትጠይቁኝ ግን በግማሽ ዋጋ ወስዳችሁልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማውሱ ላይ የተለወጠ አንድም ነገር የለም።

ያቺን የዲፒአይ ቁልፍ ሶፍትዌሩን ሳላጠፋ በፊት ሥራዋን ቀይሬባታለሁ። አሁን ማይክ ትዘጋለች። እማዬ ከጓዳ «ቡናው ደርሷል፣ ና» ስትል አንዴ እጫናታለሁ፣ «መጣሁ እማዬ» እላለሁ፣ ዙሩን ጨርሼ እነሳለሁ።