ቱሉ ዲምቱ ያለው የጠበቃ ቢሮ፦ መዝገብ አንብቦ የሚሟገት ለሚፈልግ

ሰው አንዴ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ጠበቃ መያዝ ገንዘብ ማባከን ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ ቢሮ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ጥፋተኛ ከመባል እስከ ቅጣት ውሳኔ ባለችው አጭር ጊዜ የሚሠራ ሥራ አለ፤ ያን ሥራ የሚያውቀው ጠበቃ ግን ጥቂት ነው።

ቢሮው ቱሉ ዲምቱ፣ ከአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ወደ ኮንዶሚኒየሙ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከብረታ ብረት መሸጫው በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠበቃዋ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ አካባቢው ላይ «ሴቷ ጠበቃ» ብሎ የጠየቀ ግን አይጠፋቸውም።

ጉዳያችን ይህ ነው። ታናሽ ወንድሜ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ጠጥቶ ሲያሽከረክር መንገድ ዳር በቆሎ የምትጠብስ እናት ገጭቶ እግሯን ሰበረ። ይህን አልሸፋፍንም። ሴትየዋ ሞታ ቢሆን ኖሮ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 ንዑስ አንቀጽ 3 መሠረት ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀው ነበር፤ እግዚአብሔር እሷንም እሱንም አተረፈ። የሕክምናዋን ወጪ ከፍለን፣ ሽማግሌ ልከን ታርቀናል። እሱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥፋቱን አምኗል።

ችግሩ የመጣው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ነው። ዐቃቤ ሕግ የቅጣት አስተያየቱን ሲያቀርብ፣ ተከሳሹ ከዚህ ቀደም ጠጥቶ በማሽከርከር ሁለት ጊዜ የተቀጣ ደጋጋሚ ስለሆነ ቅጣቱ ይክበድበት ብሎ ሁለት ወረቀት አያያዘ። ወንድሜ አንዱን ፈጽሞ አያውቀውም። ያን ጊዜ የያዝነው ጠበቃ ወረቀቶቹን ገልጦ እንኳ ሳያይ «የመንግሥት ማስረጃ ነው፤ ዝም ብላችሁ ምሕረት ለምኑ» አለን። ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማናቸውንም ማስረጃ የመመልከት መብት አለው ይላል፤ ጠበቃችን ግን ማየቱን እንደ ድፍረት ቆጠረው። መልስ ለመስጠት ቀጠሮ ተሰጥቶን ስለነበር በዚያው ሳምንት ወደ ቱሉ ዲምቱ ሄድን።

ጠበቃዋ ሻይ አዘዙልንና ወረቀቶቹን በዝምታ አነበቡ። ከዚያ ቀና ብለው የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «እህቴ፣ የአያታችሁ ስም ማን ነው?»

ነገርኳቸው። የአያታችን ስም በ«ወ» ይጀምራል። ወረቀቱ ላይ የወንድሜና የአባታችን ስም በትክክል ተጽፏል፤ የአያት ስም በሚለው ቦታ ግን በ«ገ» የሚጀምር ሌላ ስም አለ። እኔ የምሠራው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ውስጥ ነው። ስሙና የአባቱ ስም የሚመሳሰል ሰው በየቀኑ ያጋጥመናል፤ የአያት ስም ሳናመሳክር ካርድ አውጥተን ብንሰጥ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው ይታዘዝ ነበር። ለካርድ የምናደርገው ጥንቃቄ ሰውን ለሚያሳስር ወረቀት መቅረቱ እስካሁን ያንገበግበኛል። ጠበቃዋ በዚህ አላበቁም። የዚያን መዝገብ የውሳኔ ግልባጭ አስወጥተው የመንጃ ፈቃድ ቁጥሩን አመሳከሩ። ሰውየው ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው ወረቀት የራሱ የወንድሜ ነው፤ ነገር ግን የትራፊክ ፖሊስ የቀጣው የገንዘብ ቅጣት ደረሰኝ ነው። ችሎት አልቀረበበትም፣ ክስ አልተነበበበትም፣ ዳኛ አልፈረደበትም። ጠበቃዋ በጽሑፍ መልሳቸው ደረሰኝ የጥፋተኝነት ውሳኔ እንዳልሆነ አስረዱ። ዋናው ክርክራቸው ግን ከዚህም ይጠልቃል። ሕጉ በአንቀጽ 67 ደጋጋሚ የሚለው ቀድሞ ተፈርዶበት በአምስት ዓመት ውስጥ ሌላ ወንጀል አስቦ የፈጸመን ሰው ነው፤ ወንድሜ የተከሰሰው ደግሞ በቸልተኝነት ጉዳት በማድረስ ነው። ስለዚህ ወረቀቶቹ ሁለቱም እውነት ቢሆኑ እንኳ በዚያ አንቀጽ ቅጣቱ ሊከብድበት አይገባም ነበር።

ይህ ለምን እንደሚያስጨንቅ ላስረዳ። በቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 መሠረት ቅጣት የሚሰላው በእርከን ነው፤ ማክበጃ ወደ ላይ ይወስዳል፣ ማቅለያ ወደ ታች ያወርዳል። የቀድሞ ጥፋት አለበት የተባለ ሰው እርከኑ ይጨመርበታል፤ በዚያ ላይ መልካም ጠባይ ነበረው የሚለውን ማቅለያ ያጣል። አንድ የተሳሳተ ወረቀት ሁለት ጊዜ ይመታል ማለት ነው።

ፍርድ ቤቱ ደጋጋሚ የሚለውን ማክበጃ ሙሉ በሙሉ ውድቅ አደረገው። የመልካም ጠባይ ማቅለያውን ግን ደረሰኙን አይቶ ከለከለን። በዚህ አልከፋኝም፤ ያን ጊዜም ጠጥቶ ነበር፣ እውነት ነው። ጥፋቱን ማመኑና ተጎጂዋን መካሱ ተይዞለታል። አሁን ቀላል እስራቱን እየፈጸመ ነው፤ የሚፈጽመው ግን የራሱን ነው።

ስለ አገልግሎቱ የማይመቸኝንም ልናገር። ጠዋት ችሎት ላይ ስለሚሆኑ እስከ ከሰዓት በኋላ ስልክ አይነሣም፤ ጉዳዩ የሚያስጨንቀው ሰው ደግሞ የሚደውለው ጠዋት ነው። ጸሐፊ ቢቀጥሩ መልካም ነበር። ደረጃው ቀጥ ያለና መደገፊያ የሌለው ነው። የካሳው ስምምነት በሚፈረምበት ቀን ተጎጂዋ በክራንች መውጣት ስላልቻሉ፣ ጠበቃዋ ማኅተማቸውን ይዘው ወርደው ከሥር ባለው ጭማቂ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስፈረሙ፤ ሰነዱንም ቃል በቃል አነበቡላቸው። ተጎጂዋ ያልገባቸውን ሁለቴ ጠየቁ፣ ሁለቴም ተመለሰላቸው።

ዋጋው 30 ሺህ ብር ነበር፤ ግማሹ ውል ስንፈርም፣ ግማሹ ውሳኔ ሲሰጥ። ለሁለቱም ደረሰኝ ቆርጠዋል። ውጤት ግን ቃል አይገቡም፤ «ቅጣቱ ስንት ይሆናል?» ላልናቸው «የዳኛው ነው» ከማለት በቀር ምንም አላሉም። የመሬትና የውርስ ጉዳይ አይዙም።

የምትሄዱ ካላችሁ ዐቃቤ ሕግ ያያያዘውን ወረቀት በሙሉ ኮፒ አስደርጋችሁ ያዙ፤ የመንጃ ፈቃዱንና የቀበሌ መታወቂያውንም ጨምሩ። ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ይገኛሉ።