የጠመንጃዬን ምላጭ ላስተካከሉልኝ የደሴ አባት ምስጋና

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች። ብዙም የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ ይሄን ግን ዝም ብዬ ባልፈው ይቆጨኛል።

ከአባቴ የወረስኩት ፈቃድ ያለው የአደን ጠመንጃ አለኝ። ምላጩ ከበደኝ ብዬ አንድ ቦታ ሰጠሁት (የትነቱ ይቅር)። ሰውየው «እንደ ቅቤ አደርግልሃለሁ» አለኝ፤ ሁለት ሳምንት አመላልሶ አደረገውም። አንድ ማታ ቤት ገብቼ ሰደፉን መሬት ሳስነካው፣ ጣቴ ምላጩ አጠገብ ሳይደርስ ባረቀ! ጣሪያውን በስቶ ወጣ። ልጄ እዚያው ጎን ክፍል ተኝታ ነበር። ጥይት አጉርሼ መግባቴ የራሴ ጥፋት ነው፣ አልክድም። ሄጄ ስነግረው ግን «አያያዝህ ነው» ብሎ ሳቀብኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወላሂ ልሸጠው ነበር። ጎረቤቴ ነው እኚህን አባት የጠቆመኝ። መጀመሪያ ፈቃዴን ጠየቁኝ፤ «የ2012ቱ የጦር መሣሪያ አዋጅ ለእኔም ለአንተም ነው፣ ልጄ» አሉ። ባዶ መሆኑን ሦስቴ አይተው፣ አፈሙዙን ወደ ላይ አቁመው፣ ምላጩ ላይ በሽቦ የሚዛን ድንጋይ አንጠለጠሉ። ግማሽ ኪሎዋ ገና ሳትረጋ ቀጭ! «ይሄ ሜዳ ላይ ተኝቶ ዒላማ ለሚመታ ነው። ለአደን ከ1 ኪሎ ተኩል እስከ 2 ኪሎ ይሁን» አሉኝ።

እኔ ሞኙ ቀለል ይበልልኝ ብዬ ተከራከርኩ። አልተቆጡኝም። የጦሳ ተራራ ብርድ በሚገርፍበት ጠዋት ጣቴን ጆግ ውሃ ውስጥ አስነከሩኝና «በል ባዶውን ሳብ» አሉ። ጣቴ መንካቱን እንኳ ሳላውቅ ቀጭ አለ። ቃል አልወጣኝም።

ውስጡን ምን እንዳደረጉት አትጠይቁኝ። ልወስደው ስመለስ ድንጋዩ 1 ኪሎ ተኩል ላይ ዝም፣ 2 ላይ ቀጭ። ከዚያ ባዶውን አቀባብለው ሰደፉን አሮጌ ጎማ ላይ ደጋግመው ቢያጋጩት ንቅንቅ አላለም። ሂሳቡም ያኛው ከወሰደብኝ ግማሽ አልሞላ፤ ከእሱም ላይ ቀንሰው «ለልጅህ ዳቦ ግዛላት» ብለው መለሱልኝ።

ወገኖቼ፣ ምላጩ የቀለለባችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። እባካችሁ ሂዱ! ፈቃድ የሌላችሁ ግን ደጃቸውንም አትርገጡ፣ ያባርሯችኋል። አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። አባቴ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው።

ጣሪያውን ገና አልደፈንኩትም፤ ሲዘንብ ባልዲ እንደቅናለን።