32 አምፔር ገዝቼ በ16 እየኖርኩ ነው፦ የቤት ቻርጀር ከአስር ወር በኋላ

የኤሌክትሪክ መኪናዬ ቻርጀር ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አስር ወር ሞላው። ስገዛው ዓይኔ ያረፈው ካርቶኑ ላይ በተጻፈችው 7.4 ኪሎዋት፣ ማለትም 32 አምፔር፣ ላይ ብቻ ነበር። ዛሬ በግማሽ አቅሙ ነው የማሠራው። ቅር አላለኝም።

ከእሱ በፊት ለሁለት ወር ያህል በተራ ሶኬት ነበር የምሞላት፣ ከመኪናዋ ጋር በመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር። 10 አምፔር በ230 ቮልት ሲባዛ 2.3 ኪሎዋት ነው። ባትሪዋ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ከ20 ወደ 80 ፐርሰንት ለማድረስ፣ በሙቀት የሚባክነው ሲጨመር፣ 17 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ማታ ሰክቼ እተኛለሁ፤ ጠዋት ስነሳ ገና መንገድ ላይ ናት። ይሄን እንኳ እችለው ነበር። አንድ ማታ ግን ስፒናውን ስነካው ይፋጃል። ነቅዬ ሳየው የሶኬቱ አንዱ ቀዳዳ ዙሪያው ቡናማ ሆኗል። ተራ ሶኬት ካውያ ሰክተህ ሸሚዝ ተኩሰህ እንድትነቅል ነው የተሠራው። በየሌሊቱ አሥር ሰዓት ያለ ዕረፍት ሲጫኑት ውስጡ ያለው መያዣ ብረት ይላላል። ሲላላ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ የባሰ ይላላል።

መጀመሪያ የመጣው ኤሌክትሪሻን ግድግዳውን አየት አድርጎ «ከዚሁ ሶኬት መስመር እስባለሁ፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል» አለኝ። አመስግኜ ሸኘሁት። ሁለተኛው ቻርጀሩን ዞር ብሎም አላየው። በቀጥታ የብሬከር ሳጥኑን ከፈተ።

«ግራውንድ አላችሁ?»

«ያለን ይመስለኛል።»

«በይመስለኛል አይሆንም» አለና ለካው። ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ አለ፣ ግን መሬት ውስጥ ከምንም ጋር አልተገናኘም። ስንት ዓመት እንዲሁ ለጌጥ ተንጠልጥሎ ኖሯል። የመዳብ ዘንግ ቀብሮ አስተካከለው። አብዛኛው የቤት ቻርጀር ግራውንድ ካላገኘ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ይላል። «ተበላሽቶ ነው የሸጡልኝ» ብሎ ወደ ሱቅ ከመሮጥ በፊት ይህን ማየት ይበጃል።

ለኬብሉ ግን ተከራከርኩት። ለ32 አምፔር ባለ 6 ካሬ (ሚሊሜትር) ይበቃል ብሎ የጻፈ አንብቤያለሁ። እሱ ባለ 10 ካለ ወይ ፍንክች! ከቆጣሪው እስከ መኪና ማቆሚያው 18 ሜትር ነው፤ ርቀቱ ሲረዝም ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ቀጭን ኬብል ደግሞ ይሞቃል አለኝ። አጉረመረምኩ፣ ከፈልኩ። አሁን ሙሉ ሌሊት ከሠራ በኋላ ኬብሉን ስዳስሰው ቀዝቃዛ ነው።

አንድ ነገር ቀድሞ የነገረኝ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሳጥን ቻርጀር ይባል እንጂ ዋናው ቻርጀር መኪናው ውስጥ ነው። ከቤቱ የሚመጣውን ኤሲ ባትሪው ወደሚቀበለው ዲሲ የሚቀይረው እሱ ነው። ሳጥኑ ብልጥ ማብሪያ ማጥፊያ ነው። በቀጭን ሽቦ «ከዚህ በላይ አትሳብ» ብሎ ለመኪናው ይነግረዋል፣ ሲግባቡ «ቀጭ» ብሎ ይከፍትለታል። ስለዚህ መኪናህ 6.6 ኪሎዋት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ባለ 22 ኪሎዋት ሳጥን መግዛት ብር መጣል ነው። በሲንግል ፌዝ (ባለ አንድ መስመር) ቆጣሪ ደግሞ 22 ጭራሽ አይታሰብም።

የመጀመሪያው ወር ላይ ጉድ ሆንን። ዋናው ብሬከራችን 40 አምፔር ነው። መኪናዋ 32 እየሳበች ሳለ የውሃ ማሞቂያውም ምድጃውም ተከፈቱ። ዋናው ወረደ። ሌሎቻችን ተኝተን ስለነበር ያወቀ የለም፤ ነቅታ የነበረችው ባለቤቴ ብቻ ናት፣ እሷም መብራት ሄደ ብላ ትታው ተኛች። ጠዋት ውሃው ቀዝቃዛ፣ መኪናዋም 43 ፐርሰንት ላይ ቆማለች። በነጋታው ወደ 16 አምፔር አወረድኩት።

ያኔ ነው ስሌቱ የገባኝ። በቀን 50 ኪሎሜትር ገደማ ነው የምነዳው። ይህን ለመተካት 9 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበቃል፤ በ16 አምፔር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ለካ በየሌሊቱ ባዶ ባትሪ አይደለም የምሞላው! 32 ያስፈለገኝ ከሩቅ መንገድ ተመልሼ በማግስቱ እንደገና ስወጣ ነው። በአስር ወር አራት ጊዜ።

ቻርጀሩን በስልክ የሚያዘውን አፕ በተመለከተ ብዙ ባልናገር ይሻላል። ዋይፋዩ መኪና ማቆሚያው ድረስ በደንብ አይደርስም። በአፑ ላይ መሙላት የሚጀምርበትን ሰዓት ሞልቼ ነበር፣ በመኪናዋም ላይ ሌላ ሰዓት ሞልቼ ነበር። አንዱ ሲከፍት ሌላው እየዘጋ ሌሊቱን ሙሉ ጠብታ ሳይገባ ነጋ። አሁን ሰዓቱን የምታውቀው መኪናዋ ብቻ ናት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ግን ቻርጀሩ ትንሽ ጠብቆ በራሱ ይቀጥላል፤ ይህን ወድጄለታለሁ። የጓደኛዬ ቻርጀር ግን ካርድ ካላስነኩት አይነሳም። ከመግዛት በፊት መጠየቅ ነው።

ገመዱ አምስት ሜትር ነው፣ የመሙያ ቀዳዳዋ ደግሞ በስተኋላ በግራ። አልለካሁም። አስር ወር ሙሉ በኋላ ማርሽ ነው የምገባው።

በስድስተኛው ወር ኤሌክትሪሻኑ በቀጠሮው መጥቶ ብሎኖቹን በካቻቢቴ አንድ በአንድ ፈተሸ። ብሬከሩ ላይ ያለው አንዱ ሩብ ዙር ገባ። ሲሞቅ ሲበርድ ይላላል አለኝ። ሶኬቱ ትዝ አለኝ። በሚቀጥለው ወር የቤቱን ፍጆታ እያየ መኪናዋ የምትስበውን በራሱ የሚቀንስ መለኪያ ሊገጥምልኝ ይመለሳል። ቻርጀሬ ይቀበለዋል፤ መጀመሪያ ሳስገጥም «አያስፈልግም» ያልኩት እኔው ነኝ።